የየኔታ ይበልጣል ጉሮሮና እግር

እናቴ አዲ አርቃይ ገበያ ላይ "ልጅሽ ሕሊና ጎንደር ምን ትሠራለች?" ብለው ሲጠይቋት "ሰው ታስተኛለች" ብላ ትመልሳለች። ስንት ጊዜ ነገርኳት! የማደንዘዣ ባለሙያ ነኝ፤ ሰው በቢላ ሲከፈት ሕመሙ እንዳይሰማው አደርጋለሁ፤ እስኪነቃ ድረስም ካጠገቡ አልጠፋም። "ያው ማስተኛት ነው" ትለኛለች። ለእረፍት ስሄድ ጎረቤቶቻችን አልተኛ ያላቸውን ሕፃን ሁሉ ይዘውልኝ ይመጣሉ።

የጎንደር ሰውም ከእናቴ አይሻልም። ቀዶ ሕክምናው ሲሳካ ምስጋናው ለዶክተሩ ነው። ዶክተሩ ከክፍሉ ሲወጣ ዘመድ አዝማድ ጉልበቱን ሊስም ይሽቀዳደማል፤ እኔ ተከትዬ ስወጣ "እህት፣ ሽንት ቤቱ በየት በኩል ነው?" ይሉኛል። ይህን የምለው ቅሬታ ኖሮኝ አይደለም። ኖሮኝ ነው እንጂ፤ ለምን እዋሻለሁ!

በሥራ ዘመኔ ሥራዬን ከሥር ከመሠረቱ መርምሮ የጠየቀኝ አንድ ሰው ብቻ ነው። እሳቸውም መሪጌታ ይበልጣል ናቸው። እንዳይሞቱብኝ የእሳቸውን ያህል የፈራሁለት በሽተኛ የለም። ከአልጋቸው አስነሥቼ በደንብ ልቆጣው የተመኘሁትም እሳቸውን ብቻ ነው።

የኔታ ይበልጣል የማክሰኝት ገጠር ሰው ናቸው። ወደ ጎንደር የመጡት በወጣትነታቸው አቋቋም ሊማሩ ነው፤ ተምረው፣ ተመርቀው፣ በአንድ ደብር መምህር ሆነው ቀሩ። አቋቋም ማለት ካህናቱ በማኅሌት ጊዜ መቋሚያ ይዘው፣ ጸናጽል እየመቱ፣ እየተወዛወዙ፣ በእግራቸው ምቱን እየጠበቁ የሚዘምሩት ነው። ሁለት ወገን አለ፤ ታች ቤትና ላይ ቤት ይባላል። ልዩነቱን እንደኔ ያለው ጆሮ አይለየውም፤ እነሱ ግን በዚህ ነገር እራት ላይ ይኳረፋሉ።

የኔታ የታች ቤት መምህር ናቸው። የቅርብ ጓደኛቸው መሪጌታ ኪዳነወልድ ደግሞ ላይ ቤት ተምረው የመጡ ናቸው። ደብሩ ታች ቤት ስለሆነ እሳቸውም ታች ቤት ይቆማሉ። የኔታ ግን "ኪዳነወልድ ሲደክመው ወደ ላይ ቤት ይንሸራተታል" እያሉ ያሟቸዋል፤ ያሟቸዋል ስል ፊት ለፊታቸው ነው። አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ ሆነው እየተቀባበሉ ሸምግለዋል። የየኔታ ልጅ ከከተማው ወጣ ብሎ ፀዳ ላይ ሸጋ ቤት ሠርቶ "አባዬ፣ እዚህ ይረፉ" ቢላቸው፣ የኔታ አንድ ምሽት አድረው "ከዚህ የደብሩ ደወል አይሰማም" ብለው ተመለሱ። ባለቤታቸው እማማ እንኳየሁ እስከ አሁን ያን የፀዳ ቤት እያነሡ ይቆጫሉ። የውሃ ቧንቧው ግቢው ውስጥ ነበር።

እኚህ ሰው ናቸው እንግዲህ ቡአ ያወጡት። ለስንት ዓመት ደብቀውት እንደኖሩ እግዜር ይወቀው። ከቀሚሳቸው በታች መቀነት ጠፍንገው እያሰሩ፣ ሌሊቱን ሙሉ ቆመው፣ ማንም ሳያውቅባቸው ይገቡ ነበር። አንድ ቀን ግን ማኅሌት ላይ የወጣው አልመለስ አላቸውና ጎብጠው በባጃጅ ወደ ሆስፒታላችን መጡ። ቀዶ ሐኪሙ ዶክተር አስናቀው በስንት ማባበል ወደ ቦታው መለሰውና "የኔታ፣ ዛሬ ተመለሰ። ሌላ ቀን አንጀትዎ እዚያው ተቀርቅሮ ከቀረ ይበሰብሳል፤ ያኔ እኔም አልደርስልዎትም። ቶሎ መሠራት አለበት" አላቸው።

የኔታ ስለ አንጀታቸው ምንም አልጠየቁም። "ለደብራችን ንግሥ እቆማለሁ?" አሉ።

"አሁን ከተሠራ፣ በደንብ ካገገሙ፣ ይቆማሉ።"

"ካልቆምኩ የሚመራው ኪዳነወልድ ነው" አሉ የኔታ፣ ለዶክተሩ ከአንጀት መበስበስ የባሰ አደጋ እንደሚያስረዱ ሁሉ። "ኪዳነወልድ ከመራ ደብሩ ላይ ቤት ሆነ ማለት ነው።"

ከቀዶ ሕክምና በፊት በሽተኛውን ማናገር የኔ ሥራ ነው። ጥርስ አያለሁ፣ አንገት አያለሁ፣ ልብ አዳምጣለሁ፣ ከዚያ ምን እንደማደርግ አስረዳለሁ። ብዙው ሰው "እንደ ፈቃዱ" ብሎ ይፈርምና ይገላገለኛል። የኔታ ግን ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ መቋሚያቸውን በሁለት ጉልበታቸው መካከል ተክለው፣ "እስኪ ንገሪኝ ልጄ፤ ምን ልታደርጊኝ ነው?" አሉኝ።

"ሁለት መንገድ አለ፣ የኔታ። አንደኛው ሙሉ ማደንዘዣ ነው። መድኃኒቱ በደም ሥር ይገባና አእምሮዎን ያስተኛዋል። አይሰማዎትም፣ አይታወቅዎትም፣ ሲነቁም የሆነውን አያስታውሱትም። ሰውነትዎ ሁሉ ይላላል፤ ትንፋሽዎም አብሮ ስለሚቆም በጉሮሮዎ ቱቦ አስገብተን እኛ እንተነፍስልዎታለን።"

"ማነው የሚተነፍስልኝ?"

"እኔ ነኝ፤ በማሽን።"

"አንቺ ስታስነጥሺስ?"

"ማሽኑ አያስነጥስም።"

"መብራት ሲጠፋስ?"

መብራት አይጠፋም ብዬ መሪጌታ ፊት እንዴት ልዋሽ? "ጄኔሬተር አለ። እሱም እምቢ ካለ በእጅ የሚጨመቅ ፊኛ አለኝ። እስኪነቁ ድረስ ስጨምቅ እውላለሁ" አልኳቸው።

እጄን አዩት። የሚያስተማምን አልመሰላቸውም። "ቱቦው በጉሮሮዬ በየት በየት ነው የሚያልፈው?"

"በድምፅ አውታሮችዎ መካከል።"

አውታር ስል ገባቸው፤ እጃቸው ሳያዙት ወደ ጉሮሯቸው ሄደ። ድምፃቸው ለጥቂት ቀን ሊሻክር እንደሚችል፣ ከዚያ ግን እንደሚመለስ ነገርኳቸው። የሰሙኝ "ሊሻክር" እስከሚለው ድረስ ነው።

"ሁለተኛው መንገድስ?"

"ሁለተኛው ከወገብ በታች ብቻ ነው። በወገብዎ አጥንቶች መካከል በቀጭን መርፌ እንገባና መድኃኒቱን ነርቮቹ የሚንሳፈፉበት ውሃ ውስጥ እንጨምራለን። ከታች ወደ አእምሮ የሚሄደው የሕመም ወሬ እዚያው ይቀራል። እርስዎ ነቅተው፣ በራስዎ እየተነፈሱ፣ እያወሩ ይሠራል። እግርዎ ግን ለጥቂት ሰዓት አይታዘዝልዎትም።"

"አይታዘዝም ማለት?"

"አይንቀሳቀስም።"

የኔታ እግራቸውን ተመለከቱ፤ ከዚያ እኔን ተመለከቱ። "ልጄ፣ እኔ የታች ቤት መምህር ነኝ። ታች ቤቴን ዘግተሽብኝ ምን ይተርፈኛል?"

"ይመለሳል፣ የኔታ።"

"ካልተመለሰስ?"

"በኔ እጅ ሳይመለስ የቀረ የለም።"

"ባንቺ እጅ ስንት የአቋቋም መምህር አልፏል?"

"አንድም።"

"እንግዲህ!" አሉና መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ።

ለኔ ነገሩ ግልጽ ነበር። ለቡአ፣ በዚያ ዕድሜ ላለ ሰው፣ የወገቡ ይሻላል፤ ሳንባውም አይደክም፣ ጉሮሮውም አይነካ። ግን ገላው የሳቸው ነው፤ ፈቃዱም የሳቸው። የኔታ ደግሞ ሳይመከርበት የሚወሰን ነገር አያውቁም። ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ መሪጌታ ኪዳነወልድና ሌሎች ካህናት ተቀምጠው ይጠብቋቸው ነበር፤ እኔም በበሩ ክፍተት የራሴን ቃል እንደ ጥንት ንባብ ሲተረጉሙት ሰማሁ።

"ልጅቱ 'ይመለሳል' ብላለች" አሉ መሪጌታ ኪዳነወልድ። "ይመለሳል ማለቷ አንድም እግሩ ይመለሳል።"

"አንድም እሱ ወደ ቤቱ ይመለሳል" አሉ አንድ ሽማግሌ ቄስ።

"አንድም ሥጋ ወደ መሬቱ ይመለሳል" አለ ሌላው።

በሩን ከፍቼ "የመጀመሪያውን ነው ያልኩት! የመጀመሪያውን ብቻ!" ብዬ ጮህኩ። ካህናቱ አንገታቸውን ነቀነቁ፤ የተናጋሪው ሐሳብ ከትርጓሜዎቹ አንዱ ሆኖ ተመዘገበ መሰለኝ። የኔታ ከመካከላቸው ተቀምጠው "ጉሮሮዬን ልስጥ ወይስ እግሬን?" ይላሉ። አንዱ "ያለ ድምፅ መቆም ይቻላል" ሲል፣ ሌላው "ያለ እግርስ ተቀምጦ ማዜም ይቻላል" ይላል። ምሳ ሰዓት ደረሰ፤ አንዳቸውም አልተረቱም።

ነገሩን የቆረጡት እማማ እንኳየሁ ናቸው። ስንቅ የያዘ ሳህናቸውን በነጠላ ቋጥረው መጡና፣ ካህናቱን አልፈው፣ እኔ ዘንድ ገቡ።

"ልጄ፣ እግሩን አደንዝዢው" አሉኝ። "ጉሮሮውን ግን አትንኪብኝ።"

"ምነው፣ እማማ?"

"እግሩንማ መቼ አግኝቼው አውቃለሁ? ከቤት ሲወጣ ነው የማየው። ድምፁን ግን ደብሩ ሆኖ ሲያዜም እኔ ጓዳ ሆኜ እሰማዋለሁ። ስንት ዘመን በሱ ነው የኖርኩ።" ይህን ብለው ደግሞ ያፈሩ መሰሉና "ሲቆጣኝም ካልሰማሁት ቤቱ ባዶ ይሆንብኛል" ብለው ሳቁ።

የኔታ ይህን በበሩ ክፍተት ሲሰሙ ገብተው ፈረሙ።

ከመሄዳቸው በፊት የምግቡን ነገር ነገርኳቸው። "ማታ እራትዎን በደንብ ይብሉ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ምግብ የለም። ሆድ ሙሉ ሆኖ ቢያስመልስዎ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ውሃ ግን እስከ ንጋት ይጠጡ፤ እንዲያውም ይጠጡልኝ።"

"ማታ እራት በልቼ?"

"አዎ።"

"ጠዋት ውሃ ጠጥቼ?"

"አዎ።"

በአዘኔታ አዩኝ። ሁዳዴን ሙሉ የጾመ ሰው "ዛሬ ቁርስ አልበላሁም" የሚልን ሕፃን የሚያየው እንደዚያ ነው። "እሺ ልጄ፣ ከታዘዝኩት አልጎድልም" አሉኝ። ያን ጊዜ መንቃት ነበረብኝ፤ ግን የካህን ልጅ አይደለሁም፤ የነጋዴ ልጅ ነኝ።

በቀጠሮው ጠዋት ነርሷ ዝናሽ ደም ሥራቸውን ፈልጋ ልታገኝ አልቻለችም። ከንፈራቸው ደርቋል። "የኔታ፣ ውሃ ጠጥተዋል?" አልኳቸው። "ከታዘዝኩት አልጎደልኩም" አሉ እንደገና፣ ዓይናቸውን ጣሪያው ላይ ተክለው። የሽማግሌ ደም ሥር ያስቸግራል ብዬ፣ በመከራ አንድ አግኝቼ፣ የግሉኮስ ከረጢት ሰቅዬ ቀጠልኩ።

ለወገብ መርፌ በሽተኛው ቁጭ ብሎ ጀርባውን መቆልመም አለበት፤ አጥንቶቹ የሚከፋፈቱት ያን ጊዜ ነው። "ጎንበስ ይበሉ" ብላቸው የኔታ እንደ ምሰሶ ቀጥ አሉ። "ልጄ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ተማሪ 'ቀጥ በል' እያልኩ ኖሬ እንዴት ልጉበጥ?" አሉኝ። ትንሽ አሰብኩና "በስግደት ላይ እንዳሉ ይሁኑ" አልኳቸው። እንዲያ ያለ የታጠፈ ጀርባ በሕይወቴ አላየሁም፤ ለተማሪዎች ማስተማሪያ ልሳለው ሁሉ ቃጣኝ። መርፌው በአንዴ ገባ፤ ኩልል ያለው ውሃ ጠብ አለ፤ መድኃኒቱን ሰጠሁ። ጨርሼ "በቃ፣ ይተኙ" ስላቸው ግን አልነሣ አሉ። ጸሎቱን አጋምሰውት ኖሯል፤ መድኃኒቱ ተመጣጥኖ እንዲወርድ እኔና ዝናሽ ከነስግደታቸው ይዘን አጋደምናቸው።

ጥቂት ቆይቶ እግራቸው ሞቀ፣ ከበደ፣ ከዚያ ጠፋ። በአልኮል በራሰ ጥጥ ጭናቸውን ነክቼ "ይቀዘቅዛል?" ብላቸው "የማንን ነው የምትነኪው?" አሉኝ። ዝናሽ ልታጥበው አንድ እግራቸውን ወደ ላይ ስታነሣው ደግሞ ደነገጡ።

"ይህ እግር የማነው?"

"የእርስዎ ነው፣ የኔታ።"

"ምነው ሳይጠይቀኝ ተነሣ?"

ዶክተር አስናቀው ደረታቸው ላይ ከተጋረደው መጋረጃ ወዲያ ሆኖ ሥራውን ጀመረ። እኔ ከራስጌያቸው ተቀመጥኩ። "አሁን ያውሩኝ፣ የኔታ። ድምፅዎን ከሰማሁ መድኃኒቱ ወደ ደረትዎ እንዳልወጣ፣ ደምዎም ወደ ራስዎ እየደረሰ መሆኑን አውቃለሁ። ዝም ካሉኝ ግን እጨነቃለሁ።"

"ላውራ ወይስ ላዚም?"

"እንደወደዱ።"

ይህን ባልኩ ጊዜ ምን እንደፈቀድኩ አላወቅኩም ነበር። የኔታ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ጀመሩ። ክፍሉ ትንሽ ነው፤ ድምፃቸው ደግሞ ለደብር የተሠራ ነው። የዝናሽ እጅ ቆመ። ዶክተር አስናቀው፣ ለካ በልጅነቱ ዲያቆን ነበር፣ ቢላውን እንደያዘ ራሱን መነቅነቅ ጀመረና "ዶክተር!" ብዬ ቆጣ አልኩት። የኔታ ግራ እጃቸውን እንደ መቋሚያ ሲያወዛውዙት የደም ግፊት መለኪያው ጨርቅ ግራ ተጋባ፤ ማሽኑ ሰው የሞተ ይመስል ጮኸ። እጃቸውን ያዝኩ። ዶክተሩ መቀሱን ሳህን ላይ ሲጥለው ቅጭል አለ።

"ጸናጽሉ ቀደመ!" አሉ የኔታ ከመጋረጃው ወዲህ ሆነው። "ማነው እሱ? ቃሉ ሳያልቅ አይመታም!"

"ይቅርታ፣ የኔታ" አለ ዶክተር አስናቀው። ከዚያ በኋላ መቀሱን እየጠበቀ ሲጥል በዓይኔ አይቻለሁ።

ከፍ ብላ አንዲት መስኮት አለች፤ አትከፈትም፤ ድምፅ ግን ታሳልፋለች። ከሥሯ ግቢው ውስጥ መሪጌታ ኪዳነወልድና ካህናቱ ተቀምጠው ይሰሙ ነበር። እማማ እንኳየሁም እዚያው ነበሩ፤ ድምፁን ሲሰሙ "አለ" ብለው ነጠላቸውን አስተካከሉ ይባላል።

ከዚያ ዜማው መሐል ላይ ተቋረጠ።

"የኔታ?"

"አዞረኝ" አሉ፣ እየጠፋ በሚሄድ ድምፅ። "ቤቱ ጨለመብኝ።"

ግፊታቸውን አየሁት። ወርዷል አልለውም፤ ወድቋል። የወገብ ማደንዘዣ ሕመሙን ብቻ አይደለም የሚያቆመው፤ የታችኛው አካል የደም ሥሮች አብረው ይላላሉ፤ ደሙ ወደ ታች ይወርድና ይተኛል። ውሃ የጠጣ ሰውነት ይህን ይችለዋል። የሳቸው ግን እንደ ደረቀ ጉድጓድ ነበር። ፈራሁ። እጄ ሥራውን ያውቃል፤ ግሉኮሱን ለቀቅኩት፣ ሌላ ከረጢት አስጨመርኩ፣ እግራቸውን ከፍ አስደረግኩ፣ ኦክስጅን አለበስኳቸው፣ ግፊት የሚያነሣውን መድኃኒት ሰጠሁ። ልቤ ግን ጓዳ ሆነው የሚያዳምጡትን ሴትዮ እያሰበ ነበር።

"የኔታ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ መቼ ነው የበሉት?"

"ከትናንት በስቲያ ማታ።"

"ውሃስ?"

"ውሃ የሚጠጣበት አክፍሎት አለ እንዴ?"

ከአልጋቸው አስነሥቼ በደንብ ልቆጣቸው ተመኘሁ። እኔ የእኩለ ሌሊት ጾም ሳዝዛቸው ሰውየው በጾሙ ማነስ አፍረው፣ እንደ ስቅለት ሰሞን እህል ውሃ ሳይቀምሱ አክፍለው መጡ። ደግሞም ደበቁኝ። "ለምን አልነገሩኝም?" ስላቸው "ጾም ይሸሸጋል እንጂ ይወራል?" አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ያን ጊዜ ነው በመስኮቱ የሰማነው። ማኅሌት ላይ አንደኛው ወገን ሲያቆም ሌላው ይቀበላል፤ የተጀመረ ዜማ ሜዳ ላይ አይጣልም። መሪጌታ ኪዳነወልድ የጓደኛቸው ድምፅ ድንገት ሲቋረጥ ምን እንዳሰቡ መገመት አይከብድም። ከተቀመጡበት ተነሥተው፣ የኔታ ካቆሙበት ቃል ላይ አነሡት። ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

የየኔታ አንድ ዓይን ተከፈተ።

"ማነው?"

"መሪጌታ ኪዳነወልድ ይመስሉኛል።"

ሁለተኛው ዓይን ተከፈተ። "ተንሸራተተ።"

"ምን?"

"ወደ ላይ ቤት ተንሸራተተ! ስሚው! ኧረ ስሚው!"

ማሽኑን አየሁ። ግፊታቸው ተነሥቷል። እንደገና ለካሁት፤ አሁንም ጨመረ። የኔታ የኦክስጅኑን ጭንብል በጉንጫቸው ገፍተው፣ ከመጋረጃው ወዲህ ሆነው፣ ያችን መስመር እንደሚገባት አድርገው በሙሉ ድምፃቸው አዜሟት። ውጭ ያለው ድምፅ ለአፍታ ቆመ። ከዚያ እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ በማይለይ አኳኋን ተቀበላቸው። የመጨረሻው ስፌት እስኪቋጠር ድረስ አንዱ ከውጭ አንዱ ከውስጥ ሆነው እንዲህ ሲቀባበሉ ቆዩ።

"ምን ሰጠሻቸው?" አለኝ ዶክተር አስናቀው ጓንቱን እያወለቀ።

"መድኃኒት፣ ውሃና መሪጌታ ኪዳነወልድን" አልኩት። የትኛው እንደሠራ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሲወጣ ግን ካህናቱ ጉልበት ሊስሙ የተሽቀዳደሙት የሱን ነው።

ጣጣው እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ ጥሩ ነበር። ከሳቸው በኋላ የተሠራ የጭልጋ ጎረምሳ ከሰዓት በኋላ እግሩን አጣጥፎ ሻይ ይጠጣል። የየኔታ እግር ግን እንደተጋደመ ነው። ሄድኩ፣ ጥጤን አስነካሁ፤ ቆዳቸው ቅዝቃዜውን በጥቂቱ አወቀ። "የእግርዎን ጣት ያንቀሳቅሱ።" "አዝዣለሁ፤ አልሄደም" አሉ። ተመልሼ መጣሁ፤ አሁንም አልሄደም። አንዳንድ ሰው ላይ እንደሚቆይ አውቃለሁ፤ ስሜት ቀድሞ፣ እንቅስቃሴ ዘግይቶ የሚመጣበት ጊዜ እንዳለም አውቃለሁ። ግን "በኔ እጅ ሳይመለስ የቀረ የለም" ያልኩት እኔ ነኝ። ፀሐይዋ ከመስኮቱ እየወረደች ስትሄድ እኔም ጥጤን ይዤ ተመላለስኩ።

መሪጌታ ኪዳነወልድ ገብተው ከራስጌ ቆሙ። እማማ እንኳየሁ ከግርጌ ተቀምጠው የባላቸውን እግር በጋቢው ላይ ያሻሉ። የኔታ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ናቸው።

"ኪዳነወልድ" አሉ። "ንግሡን አንተ ምራ።"

"ምነው አያ ይበልጣል?"

"አንተ ምራ። ታች ቤቱን ብቻ አደራ።"

እኔ ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ይህን ሰው ወደዚህ አልጋ ያመጣሁት እኔው መሰለኝ። መሪጌታ ኪዳነወልድ መቋሚያቸውን ከግድግዳው አንሥተው፣ ወንበር ስበው ተቀመጡ። "እንግዲያው ልለማመድ፤ አንተም ስማኝ" አሉ። በመቋሚያቸው ጫፍ ወለሉን ቀስ እያሉ መታ መታ እያደረጉ ያንኑ የጠዋቱን ዜማ ዝግ ባለ ድምፅ አነሡት።

እኔ እንኳ፣ የኔ ጆሮ እንኳ፣ ልክ እንዳልሆነ ሰማ። ምቱ ይቸኩላል። ቃሉ ሳያልቅ መቋሚያው ይወድቃል። የየኔታ ግንባር ተቋጠረ። ኪዳነወልድ ቀጠሉ፤ ጭራሽ ባሰባቸው። የየኔታ ከንፈር መንቀሳቀስ ጀመረ። ኪዳነወልድ አሁንም ቀደሙ።

ከጋቢው ሥር የየኔታ የቀኝ እግር አውራ ጣት አንድ ጊዜ መታ። ቆየና ደግሞ መታ። መቋሚያው በተሳሳተ ቁጥር እሱ ትክክለኛው ቦታ ላይ ይመታል።

"ቀደምክ!" አሉ የኔታ ዓይናቸውን ሳይከፍቱ። ጣታቸው መመለሱን ገና አላወቁም ነበር።

ያወቁት እማማ እንኳየሁ ናቸው። ጋቢውን ገልጠው አዩት፤ ተጠንቅቀው፣ ወፍ እንዳያስበረግጉ ዓይነት። "ይኸው" አሉ፤ "ይኸው፣ ከቤት ሊወጣ ነው!" እያሉ፣ እየሳቁ፣ እንባቸው እጃቸው ላይ ተንጠባጠበ። እኔም አለቀስኩ። የጭልጋው ጎረምሳ ሻዩን እንደያዘ ምን እንደተፈጠረ ግራ ገብቶት ያየናል።

መሪጌታ ኪዳነወልድ ቀስ ብለው ተነሥተው ወደ ኮሪደሩ ወጡ። ተከተልኳቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ቆመዋል።

"መሪጌታ፣ ሆነ ብለው ነው አይደል የተሳሳቱት?"

"ልጄ፣ ካጠገቡ ቆሜ አርጅቼ ምቱን የማላውቀው መሰለሽ? እሱ ቢሞት እንኳ የተሳሳተ ምት ሰምቶ ዝም አይልም።"

"በመስኮቱም ጊዜ ሆነ ብለው ነበር?"

ግራ ቀኝ አዩና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። "በመስኮቱስ የሞተ መስሎኝ ደንግጬ ነው። እውነትም ተንሸራትቻለሁ። አደራ፣ እንዳትነግሪው።"

ከክፍሉ ውስጥ ያ ለደብር የተሠራ ድምፅ "ኪዳነወልድ! ወዴት ሄድክ? ና ከመጀመሪያው!" ብሎ ተጣራ።

መሪጌታ ኪዳነወልድ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠርገው ገቡ።